የበር ወርቅ ጀልባ ላይ አይሠራም

ጥያቄው የመጣው ደብረ ብርሃን ከሚገኝ ብየዳ ቤት ነው። ጠያቂው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ባለው ሐይቅ ላይ ለሚሠራ ደንበኛ ባለ 6 ሜትር የላሜራ ጀልባ እየበየድን ነው። ገላው ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። ደንበኛው ከላይኛው ጠርዝ ሥር ዙሪያውን 8 ሳንቲ ስፋት ያለው የወርቅ መስመር ይፈልጋል። አፍንጫው ላይ ደግሞ ስሙን በብር ቀለም ጻፉልኝ ብሏል። ለጥምቀት መድረስ አለበት። ለግቢ በር የምንጠቀምበት የወርቅ ዱቄት በቬርኒሽ ቢበጠበጥ ይሆናል? ወይስ የመኪና ሜታሊክ እንግዛ? ስፕሬይ ጣሳ ይበቃል የሚሉንም አሉ።»

ወንድሜ፣ ሳትቀባ መጠየቅህ ጥሩ አደረግህ። እኔ ጋ የሚመጣው አብዛኛው ሰው ቀለሙ ከተላጠ በኋላ ነው። ደስም ብሎኛል። ከበሬሳ ወንዝ ሌላ ውሃ በማያውቅ ከተማ ጀልባ ሲበየድ መስማት በየቀኑ አይገጥምም።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። የበሩ ዱቄት አይሆንም። ስፕሬይ ጣሳውም አይሆንም። የመኪናውን ግዛ፤ ግን ሜታሊክ ስለተባለ ብቻ አትግዛ። «ፐርል» የሚባለውን፣ ሚካ ከሚባል ማዕድን የተሠራውን የወርቅ ቀለም ጠይቅ። ሥሩን ኢፖክሲ፣ ማለት ከሁለት ጣሳ ተቀላቅሎ የሚጠነክረውን ሥረ ቀለም፣ አስይዘው፤ ላዩን ባለ ማጠንከሪያ ክሊር፣ ማለት ቀለም የሌለውን ብርሃን አሳላፊ ንጣፍ፣ አልብሰው። ምክንያቱን ካወቅህ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ማንም አያታልልህም።

ወርቅ ዱቄት የምንለው ነገር ውስጥ ወርቅ የለም። መዳብና ዚንክ ተቀላቅሎ የወጣ ናስ ነው። ናሱ ተቀጥቅጦ፣ በዓይን እስከማይለይ ድረስ ደቅቆ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሳሳ ቅንጣት ሆኗል። መዳቡ ሲበዛ ቀላ ይላል፣ ዚንኩ ሲጨምር ወደ ቢጫ ይሄዳል። ናስ ደግሞ ጠባዩን ታውቀዋለህ። ቤት ያለ የናስ ዕቃ ሳይወለወል ሲቀር ምን እንደሚመስል አይተሃል። ይጠቁራል፣ እርጥበት ያገኘው ስርጉዱ ላይ አረንጓዴ ያወጣል። የበርህ ዱቄት ያው ናስ ነው። ልዩነቱ ዱቄቱን እንደ ዕቃው በሎሚና በአመድ ወልውለህ መመለስ አትችልም።

ቬርኒሹ ነገሩን ያባብሰዋል። በዘይት የተሠራ ቬርኒሽ በውስጡ አሲድነት አለው። አሲድ ናስን ይበላል። እኔ ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ከዓመታት በፊት ወደ አንኮበር በሚያወጣው መንገድ ዳር ለአንድ ሰው የግቢ በር ቀባሁ። የበሩን ጦሮች በወርቅ ዱቄት። ግንቦት ላይ ሳስረክብ ከሩቅ ዓይን ይወጋል። ሰውየው ደስ ብሎት ምሳ ጋበዘኝ። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ላይ ደወለልኝ። ስሄድ ጦሮቹ የሻይ ቀለም ይዘዋል፣ ሥራቸው አረንጓዴ ሆኗል። «ወርቅ ነው ያልከኝ፣ ወርቅ ይዝጋል እንዴ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ቤት ገብቼ የተረፈኝን ጣሳ ብከፍተው እሱም እንደ ጄሊ ረግቶ አረንጓዴ ሆኗል። ሁሉንም ፍቄ በራሴ ወጪ ቀባሁ። ምሳው ውድ ሆነብኝ።

ያ እንግዲህ በዝናብ ብቻ ነው። ጀልባ ላይ ከሥርም ከላይም ውሃ አለ። አንድ ነገር ጨምርበት። መዳብ ያለበት ቀለም ተጭሮ ብረቱ ሲጋለጥ፣ መሀላቸው ውሃ ከገባ እንደ ባትሪ ይሆናሉ። በዚህ ጨዋታ የሚከስረው ብረቱ ነው፤ ቶሎ ይዝጋል። ነገ የአልሙኒየም ጀልባ ቢታዘዝልህ ደግሞ ጉዳቱ የከፋ ይሆናል፤ አልሙኒየም በመዳብ አጠገብ ክፉኛ ይበላል። ስለዚህ ናስ ያለበትን ቀለም ከጀልባ ሥራህ ጨርሰህ አውጣው።

የብር ቀለሙ ሌላ ታሪክ ነው። እሱ አልሙኒየም ነው፣ እንደ ናስ አይጠቁርም። ግን ሁለት ዓይነት ነው፣ ሻጮችም ብዙ ጊዜ አይነግሩህም። አንደኛው ቅርፊቱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ቀለሙ ሲደርቅ ቅርፊቶቹ ከላይ ተደርድረው መስታወት የመሰለ ብርሃን ይሰጣሉ። ለቆርቆሮ ጣሪያና ለነዳጅ ታንከር ደህና ነው። ግን በእጅህ ስታሸው እጅህን ብር ያደርገዋል። ላዩ ላይ ክሊር ብትረጭበት ክሊሩ የሚይዘው ቀለሙን ሳይሆን ልቅ የሆነውን ቅርፊት ነው። መስታወትነቱ ይጠፋል፣ ቆይቶም ይላጣል። ሁለተኛው ቅርፊቱ ቀለሙ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ብርሃኑ ትንሽ ደብዘዝ ይላል፣ ክሊር ግን በደንብ ይቀበላል። የመኪና ሜታሊክ ይሄኛው ነው። ለስሙ ጽሑፍ ይህን ተጠቀም።

ስፕሬይ ጣሳውን ያልወደድኩት ከዚሁ ነው። በተለይ «ክሮም» እና «ወርቅ ክሮም» የሚሉት አብዛኞቹ የመጀመሪያው ዓይነት ናቸው። ማጠንከሪያ የላቸውም፣ ንጣፋቸውም ስስ ነው። ለፎቶ ፍሬምና ለአበባ ማስቀመጫ እሺ። ተሳፋሪ ተደግፎት፣ ገመድ ፈግፍጎት፣ ፀሐይ መትቶት ግን ዓመት አይደፍንም።

አሁን ወደ ሚካው። ሚካ ድንጋይ ነው። በስሱ በስሱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሚነሳ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ማዕድን። ፋብሪካ ውስጥ ይፈጭና እያንዳንዷ ቅንጣት በቲታኒየም ኦክሳይድ ወይም በብረት ኦክሳይድ በጣም ስስ ሆና ትለበጣለች። ቀለሙ የሚመጣው ከልባጩ ውፍረት ነው። ዝናብ ባረጠበው አስፋልት ላይ የፈሰሰ ናፍጣ ቀስተ ደመና ሲሠራ አይተሃል? ያው ነው። የወርቁ ዓይነት ላይ ብዙ ጊዜ ብረት ኦክሳይድ ይጨመራል። ብረት ኦክሳይድ ማለት ደግሞ ዝገት ነው። ዝገት መልሶ አይዝግም። ቬርኒሽም፣ ዝናብም፣ የሐይቅ ውሃም ቢያገኘው ቀለሙ ያው ነው።

እውነተኛ ወርቅ ቅጠልም አለ፤ እሱ ክሊር እንኳ ሳይጠይቅ ደጅ ይቆያል። ግን ደንበኛህ ለሱ እንደማይከፍል እገምታለሁ።

ሚካ አንድ ጉድለት አለው። አይሸፍንም። ብርሃን ያሳልፋል፣ ሥሩ ያለውን ያሳያል። ጥቁር ሰማያዊህ ላይ በቀጥታ ብትረጨው ወርቅ ሳይሆን አረንጓዴ ቢጤ ይሆንብሃል፣ ከዚያም እኔን ትሰድባለህ። ስለዚህ ሥሩ ሌላ ቀለም ይፈልጋል። እኔ የምመርጠው የደረሰ ጤፍ የመሰለ ቢጫ፣ ትንሽ ወደ ቡኒ ያደላ ነው። ነጭ ላይ ብትረጨው ይገረጣል። ቀይ ቡኒ ላይ ብትረጨው ያረጀ ወርቅ ይመስላል፣ ለአንዳንድ ሰው ይሄኛው ይጥማል። ሦስት ቁራጭ ላሜራ ላይ ሞክረህ ለደንበኛህ ፎቶ ላክለት። በጥላም በፀሐይም አንሳው፤ እነዚህ ቀለሞች ከፊት ስታያቸውና ከጎን ስታያቸው ሁለት ሰው ናቸው።

ፐርል ካጣህ፣ ከአልሙኒየምና ከቢጫ ቀለም የተቀመመ የመኪና ወርቃማ ሜታሊክም ይሆናል። ሁለተኛ ምርጫ ነው። ከክሊር ሥር እስካለ ድረስ አይከዳህም። ሱቁ የሰጠህ ዱቄት ናስ ይሁን ሚካ ከተጠራጠርክ ቁንጣሪውን ነጭ ስኒ ውስጥ አድርገህ ሎሚ ጨምቅበትና አሳድረው። ናስ ከሆነ ጠዋት ጭማቂው አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቢጤ ሆኖ ታገኘዋለህ። ሚካ ከሆነ ምንም። ስኒውን ቡና እንዳትጠጣበት።

ቀጥሎ የንጣፉ ነገር። ብዙ ሥራ የሚበላሸው ቀለሙ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ሥሩና ላዩ ተጣልተው ነው። በየበያጅ ቤቱ ያለው ቀዩ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ) ሲንተቲክ ነው፣ ማለት ማጠንከሪያ የሌለው የዘይት ቀለም። ላዩ ላይ ባለ ማጠንከሪያ ቀለም ወይም የኒትሮ ቲነር ያለበት ነገር ስትረጭ ያብጣል፣ እንደ ዶሮ ቆዳ ይጨማደዳል። ለበር ስለለመድከው እጅህ ወደዚያ ጣሳ እንደሚሄድ አውቃለሁ። ተወው። ላሜራውን በግራይንደር እስኪያበራ ፋቅ፣ የብየዳውን ፍንጣሪ አንሳ፣ በንጹሕ ጨርቅና በቲነር ዘይቱን ጥረግ። አረቄ ቅርብ ነው ብሎ በአረቄ የጠረገ ልጅ አውቃለሁ። ውሃው ብዙ ነው፣ ላሜራው ዓይኑ እያየ ዛገበት። ፍቀህ እንደጨረስክ የዚያኑ ዕለት ባለ ሁለት ጣሳ ኢፖክሲ ፕራይመር ሁለት እጅ አልብሰው። የምትሞላው ጉድጓድ ካለ ከፕራይመሩ በኋላ ሙላ። ከውሃው በታች ግን ተራውን ስቱኮ አትጠቀም፣ ውሃ ይመጥጣል። እዚያ የኢፖክሲውን መሙያ ፈልግ።

ከዚያ ሰማያዊው። እሱም ባለ ማጠንከሪያ ይሁን። ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ አቆየው። የመስመሩን ቦታ በ600 ብርጭቆ ወረቀት በውሃ አሽተህ አደብዝዘው። የወረቀት ፕላስተርህን ለጥፍ፣ ጠርዙን በጥፍርህ ተጫን። ቢጫውን ሥር ቀባ። ቀጥለህ ወርቁን በሁለት ወይም በሦስት ስስ እጅ። ፕላስተሩን አንሳ። አሁን ክሊሩን መስመሩ ላይ ብቻ ሳይሆን ሰማያዊውንም ጨምረህ አልብስ። መስመሩ ከክሊሩ ሥር ከተቀበረ ጠርዙ ጥፍር አይይዝም፣ ውሃም መግቢያ አያገኝም። መስመሩን ብቻ በክሊር የሸፈኑ ጀልባዎችና መኪናዎች መጀመሪያ የሚላጡት ጠርዛቸው ላይ ነው።

አንድ ነገር እለምንሃለሁ። ወርቁ ላይ አቧራ ቢያርፍ በብርጭቆ ወረቀት አትንካው። ቅርፊቱን ትቆርጠዋለህ፣ ያ ቦታ እንደ ጠባሳ ይቀራል፣ ክሊርም አይሸፍነውም። አቧራውን ተወውና በሌላ ስስ የወርቅ እጅ አስተካክል። ከክሊሩ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት የሚታሸው ክሊሩ ብቻ ነው።

አረጫጨቱን በተመለከተ፣ በቡሩሽ አይሆንም። ቡሩሹ የሄደበት ሁሉ ቅርፊቱ ተከትሎ ይተኛል፣ ከዚያ እንደታረሰ ማሳ ፈር ፈር ያሳያል። በኮምፕረሰር ርጭ። መርጫውን ከ15 እስከ 20 ሳንቲ አርቅ፣ እጅህን ከላሜራው ጋር እኩል አስኪድ፣ እያንዳንዱ ጉዞ የፊተኛውን ግማሽ ይሸፍን። እጅህ አንድ ቦታ ከዘገየ እዚያ ደመና ይሠራል። ቅርፊቱ ይዘቅጣልና ጣሳውን ደጋግመህ አማስል። የምታጠልበት ወንፊት በጣም ጠባብ ከሆነ ደግሞ ብልጭታውን ሁሉ አጥልለህ ትጥለዋለህ፤ ተራ ቀለም ብቻ ይቀርልሃል።

የሚያስፈልግህ ትንሽ ነው። የጀልባው ሁለት ጎንና የኋላ ግድግዳው ሲደመር 15 ሜትር ገደማ ነው። በ8 ሳንቲ ስታባዛው 1.2 ካሬ ሜትር። ለሦስት እጅ 3.6 ካሬ ሜትር። ስትረጭ ግማሹ አየር ላይ ቢቀር እንኳ ከ1 ሊትር አያልፍም። ጋሎን ግዛ ቢሉህ እምቢ በል። ግን ሁሉንም አንድ ላይ አስቀምም። ሁለት ጊዜ የተቀመመ ሜታሊክ በጭራሽ አይገጥምም። የተረፈችውን በትንሽ ጠርሙስ ዘግተህ ለደንበኛህ ስጠው፣ ተጭሮ ሲደውልልህ ትድናለህ። የብሩ ጣሳ ውስጥ ደግሞ ውሃ እንዳይገባ። አልሙኒየም ዱቄት ከውሃ ጋር ጋዝ ያወጣል፣ ክዳኑ አብጦ ሊፈነዳ ይችላል።

አሁን ወደሚያሰጋኝ ነገር ልምጣ፣ ወደ ብርዱ። ከኅዳር እስከ ጥር ደብረ ብርሃን ውርጭ ነው። ከተማው 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተቀመጠው። ኢፖክሲ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን መጠንከሩን ያቆማል ማለት ይቻላል። ጠዋት ፀሐይዋ ስትወጣ አንተ ጃኬትህን ታወልቃለህ፤ ላሜራው ግን የሌሊቱን ብርድ እንደያዘ ነው። ሳታየው ጠል ይለብሳል። እሱ ላይ የተረጨ ክሊር ይነጣል፣ ኢፖክሲውም ላዩ እንደ ሳሙና ይሆናል። መፈተኛው ቀላል ነው። ላሜራውን በእርጥብ ጨርቅ እጅህን ታክል አርጥበው። በሩብ ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ አትርጭ። እኔ በዚህ ወቅት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል በፊት አልጀምርም፣ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላም መርጫ አላነሳም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ላዩ መድረቅ አለበት። ጣሳዎቹን ቤት ውስጥ አሳድራቸው፣ ጠዋት ለብ ባለ ውሃ አሙቃቸው። ቲነሩም ፈጣኑ ይሁን።

ቤቱን ላሙቅ ብለህ ከሰል ወይም ኩበት እንዳታነድ። የመጀመሪያው ምክንያት ግልጽ ነው፣ ቲነር ያለበት ቤት ውስጥ እሳት መጫወቻ አይደለም። ሁለተኛውን ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። የሚነድ ነገር ካርቦን ዳይኦክሳይድና እንፋሎት ያወጣል። ይህ ከኢፖክሲው ማጠንከሪያ ጋር ተገናኝቶ ላዩ ላይ ያንን የሳሙና ንጣፍ ይሠራል። ቀጣዩ እጅ እዚያ ላይ አይዝም። ይህ ከደረሰብህ በለብታ ውሃና በስፖንጅ እጠበው፣ አድርቀህ አሽተህ ቀጥል። በቲነር ብትጠርገው ታዛምተዋለህ እንጂ አታነሳውም።

ደጋ ሌላም ጠባይ አለው። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የፀሐዩ አልትራቫዮሌት በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሐይቅ ከእኛ ዝቅ ቢልም ከባሕር ጠለል በጣም ከፍ ያለ ነው፤ ውሃውም ብርሃኑን ወደ ጀልባው ጎን መልሶ ይወረውራል። ስለዚህ ክሊሩ አልትራቫዮሌት መከላከያ ያለው፣ ባለ ማጠንከሪያ ፖሊዩሬቴን ይሁን። ሁለት ሙሉ እጅ። ገንዘብ ካነሰህ ከወርቁ ቆጥብ፣ ከክሊሩ ግን አትቆጥብ።

የሰማያዊውና የክሊሩ ማጠንከሪያ ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባል ነገር አለ። ሳንባ ያስቆጣል። አንዴ ሰውነትህ ከተቆጣ በኋላ ጥቂት ሽታው እንኳ አስም ያስነሳብሃል፣ ቀለም ቀቢነትህ እዚያ ላይ ያበቃል። ያንን ሰማያዊ የወረቀት ማስክ አድርጎ የሚረጭ ልጅ ሳይ ይጨንቀኛል። አየር ከውጭ በቱቦ የሚያስገባ ማስክ ካለህ እሱ ነው ትክክለኛው። ከሌለህ ሰማያዊውንም ክሊሩንም መሣሪያው ላለው የመኪና ቀለም ቤት አሠራው። ጀልባውን ጭኖ መውሰድ ከሳንባ አይከብድም።

መስመሩ የት ይሁን? ደንበኛህ ከጠርዙ ሥር ብሏል፣ ትክክል ነው። ዳር ላይ ሲጠጋ የሚላተመው የጎማ መከላከያ ላይ ግን ምንም ወርቅ አታድርግ፣ በሳምንቱ ይፋቃል። ከጎማው ሁለት ጣት ዝቅ አድርገው። ከታች ደግሞ ጀልባው ሰው ሞልቶ ሲቀመጥ ውሃው የሚደርስበትን አስብ። ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ የሚውል ሜታሊክ ያብጣል፣ ፊኛ ያወጣል። እዚያ ኢፖክሲና ሰማያዊ ብቻ ይኑር። የስሙን ጽሑፍ ስቲከር ቤት በተቆረጠ ማስክ ርጨው፣ በእጅ አትሞክረው። እውነቱን ለመናገር ጽሑፉን ከደህና የውጭ ስቲከር ብታሠራውም አልቀየምህም።

ጥምቀት ጥር 11 ነው። ክሊሩ ለእጅ ቢደርቅም በዚህ ብርድ ውስጡ እስኪጠነክር ከሳምንት በላይ ስጠው። ስለዚህ ታኅሣሥ 20 ላይ መርጫህን አጥበህ መጨረስ አለብህ። አይሱዙው ላይ ስትጭነው ገመዱ መስመሩን በሚነካበት ቦታ ሁሉ ያረጀ ባና ጣልበት። ላስቲክ ግን በቀጥታ አታልብሰው። ከጣርማበር ጉም ወጥቶ ሸዋ ሮቢት ፀሐይ ውስጥ ሲገባ፣ በላስቲኩ ሥር የታፈነው እርጥበት አዲሱ ክሊር ላይ ነጭ ነጭ ጥለት ያትምበታል።